የዓሣ አጥንት

ቱቦ ሲበጠስ አይጮህም፤
ሌሊቱን ሲፈስ ያደረ ውሃ ማንንም አልቀሰቀሰም።
ማለዳ ማቅቫላ በእግሯ ነጠላ ጫማዋን ስትዳስስ፣
አንደኛው ተንሳፍፎ ሄዷል፣ በሩ ጥግ እስኪደርስ።
ጣራው ላይ ካርታ ተሥሏል፣ ቡናማ፣ የማይታወቅ አገር፤
ከወለሉ ሥር ደግሞ የሚያቃስት ነገር ነበር።

ከላይ የሚኖረው ተንጊዝ ነው፤ ስሙ ባሕር ማለት ነው አሉ፤
ዐሥራ አንድ ዓመት ከማቅቫላ ጋር ደህና አደርክ፣ አደርሽ ሳይባባሉ።
የጠባቸው መነሻ ብስክሌት ነው፣ ወይም የደረጃው አምፖል፤
እሷ አንዱን ትላለች፣ እሱ ሌላውን፤ ጎረቤት ሁለቱንም ይላል።

እኔና አለቃዬ ቫርላም ስንደርስ በሦስተኛው ቀን፣
የትብሊሲ ዝናብ ከደጅ፣ የተንጊዝ ዝናብ ከውስጥ ጠበቀን።

ፓርኬው የጥንት ባሉጥ ነው፣ እንደ ዓሣ አጥንት የተሰካካ፤
ውሃ ጠጥቶ አብጦ፣ ጠርዝ ከጠርዝ ሲነካካ፣
የእያንዳንዱ ጣውላ መሐል ጎድጉዶ፣ ዳርና ዳሩ ተነሥቶ፣
እንደ ሺህ ጭልፋ ተደርድሯል፣ የሚጨልፈውን አጥቶ።

«ዛሬውኑ ላጉልኝ» አለች፤ «ልጄ ለፋሲካ ይመጣል።»
ቫርላም ተንበርክኮ፣ በጣቱ ኳ እያደረገ ያዳምጣል።
የእርጥበት መለኪያውን ሁለት መርፌ ጣውላው ላይ ሰካ፤
ሃያ ስድስት። ራሱን ነቀነቀ፤ መላጊያውንም አልነካ።
«እርጥብ የላጉት እንጨት ዛሬ ሜዳ ነው፣ ነገ ጉብታ፤
ሲደርቅ ሆዱን ይነፋል፤ እንጨት የሚለመነው በዝግታ።»
«ስንት ቀን?» «እንጃ፤ ዐርባም፣ ስድሳም፤ እሱ ነው የሚያውቀው።»
ጣውላውን ማለቱ ነበር። እሷ ግን ወደ ላይ ነው ያየችው።

በየጣውላው ጀርባ ቁጥር ጻፍኩ፣ ሦስት መቶ ሰባ ሁለት፤
በረንዳው ላይ ቆለልኩ፣ በየመሐሉ ዘንግ፣ ነፋስ እንዲያልፍበት።
ከሥር የሱፍ ቅርፊት ወጣ፣ የአሻንጉሊት ዓይን፣ አንዲት፣
የዛገ ምስማርም፤ ብረት ከባሉጥ ጋር ውሃ ሲያጋባው በሌሊት
ጥቁር ቀለም ይወልዳል፤ አይለቅም በእጥበት።

ማራገቢያው ዐርባ ስምንት ቀን አጉረመረመ።
ፋሲካ አለፈ። ልጇ መጥቶ፣ ባዶው ሳንቃ ላይ ቆሞ
ጽዋውን አንሥቶ፣ ሄደ።

በመጨረሻ መርፌው ዘጠኝ አለ።
አብዛኛው ቦታው ተመለሰ። ዐሥራ ሦስቱ ግን በስብሰዋል፤
ጥፍር ሲነካቸው እንደ ደረቅ ዳቦ ይረግፋሉ።
ከአሮጌ ዕቃ ተራ ፈለግን፣ ከፈረሰ ትምህርት ቤት፤
ወይ ሰፋ፣ ወይ ጠበበ፣ ወይ ቀላ፤ አቻ አጣንለት።
ቫርላም ጣቱን ወደ ጣራው ቀስሮ፣
«ወንድሙ እዚያ ነው» አለ፣
«በዚያው ዓመት፣ በዚያው እጅ፣ ከዚያው ግንድ ተሰንጥሮ።»

ማቅቫላ ዝም አለች። ድስት ወለወለች፣ የደረቀ ድስት።
ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣
«አንተ ጠይቀው፤ እሷ አላከችኝም በለው።»

ወጣሁ። ተንጊዝ በሩን በሰንሰለቱ ልክ ከፈተ።
ነገርኩት። መልስ ሳይሰጥ ቁም ሣጥኑን ገፋ፣ ብቻውን፣
የሰባ ዘጠኝ ዓመት ጉልበቱ ሲንቋቋ እየሰማሁ።
ከሥሩ ማንም ያልረገጠው፣ ፀሐይ ያላየው ባሉጥ፣
እጅጌ ሥር እንደኖረ ክንድ ነጣ ያለ።
«ዐሥራ ሦስት ብቻ?» አለ።
«ዐሥራ አራት ውሰድ። አንዱ ይሰበር ይሆናል።»
በእሱ ጉድጓድ የትምህርት ቤቱን ጣውላ ሞላን፣ ሰፊውን ልገን፤
ቁም ሣጥኑ ተመለሰ። ማንም አያየውም።

ዘይቱ ሲደርቅ ማቅቫላ በካልሲ ገባች።
ዐሥራ ሦስቱ ከሌሎቹ መሐል ገርጥተው
በር ላይ እንደቆመ እንግዳ ይታያሉ፣ ግቡ ያላሏቸው።
«ብርሃን ሲነካቸው ይጠቁራሉ» አለ ቫርላም፤
«በሁለት ዓመት አትለያቸውም።»
«እለያቸዋለሁ» አለች፤
ወንበሯን ከላያቸው አንሥታ ወደ ግድግዳው ወሰደች።
ያልተሰበረውን ዐሥራ አራተኛ መስኮቱ ላይ አኖረች።

ከላይ ቧንቧ ተከፈተ።
ሦስታችንም ቀና ብለን
ጠበቅን።