ያልሠራሁት ቦታ

በአቬይሮ ከተማ፣ ከጨው ማሳው ማዶ፣
ሌሊቱ ሲጋመስ፣ ጉም ውኃው ላይ ወርዶ፣
በጠባቧ መስኮት፣ ከማሽኔ ፊት ቆሜ፣
ብርሃን ዱቄት ሲሰፋ አያለሁ ደግሜ።

መዳመጫው ይሄዳል፣ ስስ ንጣፍ ያነጥፋል፣
ሌዘሩ ይወርዳል፣ ጥቂቷን ነካክቶ ያልፋል፤
የተነካው ተያያዘ፤ ያልተነካው ዱቄት ሆኖ ይተርፋል።
እንደገና ንጣፍ፣ እንደገና ብርሃን፣ እንደገና ሙቀት፣
ሦስት መቶ ጊዜ፣ ለአንድ አውራ ጣት ቁመት።

ዱቄቱ ሁለት ነው፦
አንደኛው ፖሊመር፣ ገራም፣ የሚቀልጥ፣
እንደ ሰም የሚለዝብ፣ ታጥፎ የማይቆረጥ፤
ሁለተኛው ሸክላ፣ የአጥንት ዘመድ ጨው፣
ሕዋስ በቅምሻ ብቻ «ወገኔ» የሚለው።
ሸክላው ሲበዛበት ደርቆ ይፈረካከሳል፤
ሰሙ ሲበዛ ደግሞ፣ አጥንት እንደ ባዕድ አይቶ ይረሳል።
ማን ምን ያህል ይግባ?
ይኼን ለማወቅ ነው ሁለት ክረምት ያለቀው፤
ስድስቱ እጄ ላይ ደቀቁ፣
ሰባተኛዋን ነው ዛሬ የምጠብቀው።

አባቴ ቤልሚሮ በሸክላ ፋብሪካ ሠላሳ ዓመት ኖረ፣
ሰማያዊ ቀለም ከጥፍሩ ሥር እንዳደረ።
ከምድጃ ሲወጣ እያንዳንዱን ሸክላ
በጥፍሩ ቆርቁሮ፣ ሲያዳምጥ፣ ሲያሰላ፦
«የሚጮኸው ደኅና ነው፤ የሚያጉረመርመው
ስንጥቅ አለ በሆዱ፣ እሳት ያላከመው።»
የሱ ሥራ ዛሬም በባቡር ጣቢያው ግድግዳ ላይ አለ፤
ጀርባ አስደግፎበት ስንት መንገደኛ ዋለ።

እኔ ግን
ሰባተኛዋን ርብራብ ከዱቄት መቃብሯ ሳወጣ፣
በብሩሽ እየጠረግሁ፣ ጎድኗ ተራ በተራ ሲመጣ፣
ወጋግራ በማገር ላይ፣ ማገር በወጋግራ፣
ከፀጉር አምስት እጥፍ የሚሰፋ ቀዳዳ በየተራ፣
እንደ አባቴ ብዬ በጥፍሬ ቆረቆርኳት።
ዝም።
ድምፁን ዋጠችው። ቀዳዳ ብቻ ናት።

ሙያ በልብ ነው ይባላል፤ የሷ ሙያ በባዶዋ ነው፣
ደም ሥር የሚገባው፣ ሕዋስ የሚሰፍረው፣
እኔ ያልሠራሁት ቦታ ነው።

ዶክተር ቴዎዶዚዮ በታሸገ ከረጢት ይዟት ሄደ፤
ለሰው አይደለም ገና፤ ሕጉም አልፈቀደ።
ጆሮዋ ላይ ሠላሳ አንድ ቁጥር ላላት፣
ከጭን አጥንቷ ቁራሽ ለተነሣባት፣
ለአንዲት በግ ነበረች።
«ስም አትስጫት» ብለውኝ ነበር። አልሰጠኋትም።
ዓርብ ዓርብ ግን ከእርሻው አጥር አልጠፋሁም፣
ፖም ይዤ፤ እሷ ፖሙን እንጂ እኔን አታውቅም።

ዘጠኝ ወር።
ማነከሷን ተወች በአራተኛው፤
ዝናብ ገባ፣ የጨው ማሳው ተዘጋ፣
አባቴ ተቀበረ በስምንተኛው።
ሲገንዙት አየሁ፤ ከጥፍሩ ሥር ያ ሰማያዊ እንዳለ ነው።

በዘጠነኛው ራጅ ተነሣች። ዶክተሩ ጠራኝ፤
ፊልሙን ከመብራቱ ላይ ሰክቶ፣ «ግራሲዬት፣ ፈልጊያት» አለኝ።
ማገሬን አውቃለሁ፤ ሺህ ጊዜ ስዬዋለሁ፤
ጥግ ከጥግ፣ ጎድን ከጎድን፣ ዐይኔን አጣብቄ ፈለግሁ።
ወዲህም አጥንት፣ ወዲያም አጥንት፤
ሰሙ ሟሟ፣ ወጣ በትንፋሽ፣ በሽንት፤
በአንድ ጥግ ብቻ ጥላ ቀርታለች፣ የጥፍር እኩሌታ።
«የት ናት?» አለኝ እየሳቀ። «የለችም» አልኩት።
«እንኳን ደስ ያለሽ!»
ምን እንደምል ጠፋኝ፤ እጁን ግን ያዝኩት።

ሰው ልጁን ሲያቆላምጥ «የአጥንቴ ፍላጭ» ይላል።
እኔም ፍላጭ አለኝ፣ ከአጥንቴ ያልሆነ፣
በማታውቀኝ በግ ጭን ውስጥ አጥንት የሆነ።

በመመለሻዬ ከባቡር ጣቢያው ጎራ አልኩ፤
የአባቴን ግድግዳ ፈልጌ፣ ከታች ሦስተኛውን ረድፍ ቆጠርኩ።
ሰው አልነበረም። በጥፍሬ ኳ፣ ኳ አደረግሁ።
ጮኸ።
ባቡሬ መጥቶ ሄደ፤
ሌላኛውን ጠበቅሁ።