ካብ ለካብ

ከቍስቋም በታች ነው፣ ከጥዱ ሥር ያለው፣
ክረምት ገፍቶ ገፍቶ ሆዱን የዘረገፈው፣
ያ ያረጀ አጥር ካብ። ለሥራ ተጠራሁ፤
ሦስት ጭነት ድንጋይ፣ አንድ በርሜል ኖራ አየሁ፣
ከጎኑ ሁለት ልጅ፣ አንድ አካፋ፣ አንድ ዶማ፤
ጀመርን ሳይነቃ የጎንደር ከተማ።

በሦስተኛው ቀን ግን ድንጋይ ብፈነቅል፣
አመድማ፣ እንደ ጥምጥም፣ ተኝቷል ጥቅልል።
ዓይኑ ሽፋን የለው፤ ተኝቶ ነው ነቅቶ
ማን ይጠይቀዋል? ክንዴ ዶማ አንሥቶ
አንድ ጊዜ ወረደ። ልጆቹ ጨፈሩ፤
በዘንግ አንጠልጥለው ሰፈሩን አዞሩ።
ወይዘሮ ሽታዬ ከደጅ ወጥታ መረቀች፤
አንድ ጣሳ ጠላ በእጇ ቀድታ ሰጠች።

ማታ ሆዱን ቀደድኩ፣ ለቢላዬ ሰገባ፤
ሁለት አይጥ ነበሩ፤ ለእኔ መች ሊገባ።

ልጄ እንጉዳይ ሩቅ ናት፤ ማሻ፣ ከዚያ ጫካ፣
ፀሐይ በወንፊት ነው የሚወርደው ለካ።
ዝናቡ አያባራም፤ ቅጠል ከቅጠል ላይ፣
ሐረግ ያሉት ነገር ዓይን ያወጣል ሲታይ።
መንግሥት ደመወዝ ከፍሎ እባብ ያስቆጥራታል!
(ስሰማ ሳቅሁባት። ስንት ሥራ ሞልቷል።)
ኔትዎርክ ፍለጋ እሑድ ጉብታ ትወጣለች፤
በተቆራረጠ ድምፅ እንዲህ ትለኛለች፦

«አባዬ፣ አረንጓዴው፣ ከቅጠሉ የሚያድር፣
ይኖራል በጓጉንቸር፤ እሱን ጭልፊት ካየር።
ዘንዶውም በተራው አይጡን ባይቀንሰው፣
ከዛፍ የወደቀን ዘር ሁሉ አይጥ በጨረሰው፤
ቡቃያ ከየት ይምጣ? ዛፉን ማን ይተካል?
እባብ የሌለው ደን ቆሞ ይታመማል።»

«ከገነት ጀምሮ ጠላት ነው እኮ» አልኳት፤
ስልኩ ተቋርጧል፤ ቃሌም አልደረሳት።

ኅዳር ታጥኖ ሲያበቃ፣ እህል ሲገባ ካውድማ፣
ሽታዬ ቤት ሌሊት ኮሽታ ተሰማ።
መጀመሪያ አንድ ሁለት፤ ኋላማ ማን ቆጥሮ!
የዘር ሽንብራዋ ቀረ ተቦርቡሮ።
የጋቢዋን ጥለት፣ የልጇን ደብተር፣
የዕድሩን መዝገብ ከነስም ዝርዝር፤
(ውዝፍ የነበረበት ለብቻው ሳቀና።)
መርዝ ገዝታ በተነች። ድመቷ ሞተችና
አይጡ ዳነ።

ካቤንም ከሥሩ ጉድጓድ ፈለፈሉት፤
ለጥምቀት ሲቃረብ ወገቡን አጎበጡት።
ሽታዬ አየችኝ፤ ምንም አልተናገረች፤
ያን ቀን የመረቀኝ አፏን ሸፍና ሄደች።

እንደገና ካብኩት፤ ገንዘብ አልጠየቅሁም።
በደቡብ ጎኑ ግን ኖራ አላስገባሁም፤
ከድንጋይ ድንጋይ መሐል ክፍተት ተውኩለት፣
ጭብጥ የሚያስገባ፣ ፀሐይ የሚሞቅበት።
አሠሪዬ ቢያየው «ሥራህ ሳሳ» ይላል፤
ይበል፤ የዚህን ምሥጢር ማን ይነግረዋል?

በሚያዝያ አንድ ቀን ምሳዬን ስበላ፣
አየሩን ቀመሰች ምላስ፣ ቀጭን ባላ።
ዶማው ካጠገቤ፣ ከእግሬ ሥር ነበረ፤
እጄ ሄደ። ቆመ። ተመልሶ ቀረ።

«እባብ ለእባብ» ይላሉ፣ «ይተያያል ካብ ለካብ»፤
እኔና እሱም ያው ነን፤ እኔ ስፈራ፣ እሱ ሲራብ።
ተያየን።
ወዳጅ አልሆንንም፤ መቼም አንሆንም፤
ከሽታዬ ጎታ ግን ኮሽታ አልሰማም።