ሠንጠረዥ ሰባት

ከጢጣ አስፋልት ወዲያ፣ ከወፍጮ ቤት ኋላ፣
ሰኔ የሚያንጠባጥብ፣ ግድግዳው የላላ፣
የትምህርት ጽሕፈት ቤት፣ ማኅተም ያለው ቢሮ፣
አምስት ትምህርት ቤቶች ባንድ ቁልፍ አስሮ
የሚያድር በሣጥን፣ የሚውል በወረቀት፤
እኔ ነኝ ጸሐፊው፣ የቁጥር ባለሀብት።
ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጆች ስደምር ኖርኩ፤
ፊታቸውን ሳላይ በመቶ አካፈልኩ።

የድጎማው ብር ኅዳር ላይ ይደርሳል፤
ጠመኔ ሲገዛ መስኮቱ ይረሳል፣
መስኮቱ ሲገጠም መጽሐፍ ይቀራል፣
ባንድ የሒሳብ መጽሐፍ አራት ልጅ ይማራል።
ሦስቱ ተጣበውም ይችላሉ ማየት፤
አራተኛው ልጅ ግን ከፊት ለፊት ቆሞ
ቁጥርን በግልባጩ ማንበብ ችሏል ቀድሞ።

ቦርዱ ተሰበሰበ፣ ሐሙስ ከሰዓት።
"አጥሩ ይቅደም" አሉ፤ ፍየል ገብቶ ነበር፣
ያምናን ችግኝ በልቶ የዘንድሮን ሊያስቀር።
መምህርት ሰዓዳ ቀስ ብላ ተነሥታ
"የሴቶች ሽንት ቤት በር የለውም" ብትል፣
ሁሉም ጫማ ጫማውን አየ ለአንድ አፍታ፤
ቃለ ጉባኤው ግን፦ "ታይቶ ወደፊት ይቀጥል።"

ነሐሴ ላይ ውጤት፣ የስምንተኛ ክፍል፦
ሰባ ሦስት በመቶ! ማን ያምናል ይህን ቢባል?
ከሰባት ጉድኝት ሁለተኛ ወጣን፣
ደሴ ተጠርተን ሄደን ዋንጫ ይዘን መጣን።
አቶ አራጋው ዋንጫውን ከመዝገብ ሣጥኑ ላይ
አኖረው፣ ከበር ለሚገባ እንዲታይ፤
ዘበኛው እብሬ ጠዋት በሻሽ ይወለውለዋል፣
"ወርቅ ነው ወይስ ቅብ?" ብሎ ይጠይቀኛል።

እኔ ግን አውቃለሁ ዋንጫው ከየት እንደፈለቀ።
ሠንጠረዥ ሰባት ላይ፣ ቀለሙ በደበቀ፣
"ያቋረጡ" የሚል አለ ጠባብ ዓምድ።
መስከረም ሁለት መቶ ስድስት ነበሩ፣
ሰኔ ለፈተና መቶ አራት ቀሩ።
ያልተቀመጠ ልጅ አይወድቅም በሕጉ፤
ማካፈያው ሲያንስ ያድጋል ማዕረጉ።

ምክንያት በቁጥር ነው፦ አንድ፣ ሰፈር የቀየረ፣
ሁለት፣ የታመመ፣ ሦስት፣ የተዳረ፣
አራት፣ ሥራ የገባ።
አምስት፣ "ሌላ"።
"ሌላ" ሆዱ ሰፊ ነው፣ በልቶም አይጠግብ፤
ስድሳ ስምንት ልጅ ሰጠሁት፣ አንድ ባንድ፣ ስም በስም ሳነብ።

ጦይባ ይማም ላይ ስደርስ፣ የሰባተኛ አንደኛ፣
አምስት ልጽፍ ብዬ እጄ እምቢ አለኛ።

ቅዳሜ ሽቅብ ወጣሁ፣ ቤታቸውን ጠይቄ።
እናቷ ዘሐራ ገብስ ታሰጣለች።
"ከትምህርት ቢሮ ነኝ" አልኩ።
"እኔስ መች ትመጡ ይሆን ስል ነበር" አለች፣
እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ገባች፣ ወጣች፤
በላስቲክ የተጠቀለለ፣ ላስቲኩም በገመድ የታሰረ፣
የስምንተኛ ክፍል ሒሳብ።
"የመንግሥት ዕቃ ነው። ዕዳ እንዳይሆንባት።
ባቲ ደርሻለሁ ብላ ደውላ ነበር።"
"ከዚያስ?"
ገብሱን በመዳፏ በተነችው፣ ሰበሰበችው፣ በተነችው።

መጽሐፉን ተቀበልኩ። ምን ልል እችላለሁ?
ደረሰኝ ጻፍኩላት፣ እንዲህ ያለው አያልቅብኝም፣ አለሁ።
ሰኞ በንብረት መዝገብ፣ "ተመላሽ" በሚለው ሥር፦
ሒሳብ፣ ስምንተኛ ክፍል፣ ብዛት አንድ፣ ደህና፣ ያልተቀደደ።
ለመጽሐፍ ዓምድ አለው። ወዲያው ገባ፣ ወዲያው ወጣ፣
ማምሻውን ለዚያ ልጅ፣ በግልባጩ ለሚያነበው፣ ሰጠሁት፤
ቀጥ አድርጎ ያዘውና ለጊዜው ግራ ገባው።

አዲሱ ቅጽ ደርሷል፣ ያው አምስት ምክንያት።
ከ"ሌላ" ሥር በእርሳስ አንድ መስመር ጨምሬ
"ስድስት" ብዬ ጻፍኩና ፊቱን ባዶ ተውኩት።
ከዞን ይደውላሉ፣ አውቃለሁ፣ ሳይውል ሳያድር፦
"ስድስት ምንድነው?" ሊሉኝ።
መልሱን ማታ ማታ፣ ከእብሬ ጋር ሆኜ፣
ዋንጫው ፊት ቆሜ እለማመዳለሁ፤
እስካሁን ሁለት ቃል ብቻ ነው የወጣልኝ።