ካዕብና ሳብዕ

ኮሌጅ ሆስፒታል ነው፣ ካርድ ክፍል ነው ቤቴ፤
በአንዲት ጠባብ መስኮት አለቀ ሕይወቴ።
«ስም?» እላለሁ፣ ስም ይሰጡኛል፤
ምጥ የያዛቸው አሳጥረው፣ ያዘኑ አርዝመው ይነግሩኛል።

ስምም እንደ ማሽላ ወቅት አለው፤
አንጓች፣ ፈንታዬ፣ ካሳነሽ መዝገቤን ሞልተው
አንድ ክረምት ላይ ጠፉ፤
ኤልዳና፣ ሶልያና በቦታቸው ተጻፉ።
ዛሬ ጫፉ «ና» ካላለ
ልጅ የተወለደለት የማይመስለው አባት አለ።

እሷ የመጣች ጊዜ ገና ጠጉሬ ጥቁር ነበር።
አዋላጅ ናት፣ ከአየርላንድ፤ ጠጉሯ የሸክላ አፈር።
«ኡና እባላለሁ» አለች።
«ኦና?» አለ ዘበኛው። «ወላጆቿን ምን በድላ ነው?»
ጎንደሬ ኦና አይጠፋውም፤
ጣሪያው የወረደ ግንብ፣ ቁራ የሰፈረበት እልፍኝ
እያለፈ ነው የሚያድግ፣ ጠዋት ማታ።

ትርጉሙን ብጠይቃት ሳቀች፤
«እኛም አገር አጥርቶ የሚያውቅ የለም» አለች።
«ጠቦት ነው ይላሉ፣ ከጥንቱ ቋንቋችን መዘው፤
አንዲት ነው ይላሉ፣ ከላቲን አዛምደው፤
የተረት ንግሥት ናት የሚልም አለ።
አያቴ ግን ሳትጠይቅ ለበሰችው፤
ያኔ አንድ ምንጭ ላይ ሦስት ኡና ይገናኝ ነበር።
እናቴን ትምህርት ቤቱ ‹ዊኒ› ብሎ ጻፋት፣ በእንግሊዝኛ፤
በወረቀት ዊኒ፣ በጓዳ ኡና ሆና ሞተች።
እኔ ስደርስ የአሮጊት ስም ሆኖ
ልጆች ይስቁብኝ ነበር፣ ክፍል ውስጥ ስጠራ።»

እናኑ መጣች፣ ከቆላ ድባ፣ በቃሬዛ፤
ሁለት ሌሊት አምጣ፣ ሦስት ቀብራ፣ አራተኛ ይዛ።
መብራት ጠፍቶ ነበር። ኡና ባትሪ በጥርሷ ነክሳ
አወለደቻት፤ ልጅቷ ጮኸች፣ ጎኅ ሲቀድ፣ አገር ቀስቅሳ።

ጠዋት ባሏ ታከለ መስኮቴ ላይ ቆመ።
«ስም?»
«ኦና ብለህ ጻፍ።»
«ፈረንጇ እኮ ኡና ናት፤ ካዕብ ነው ፊደሉ።»
«አውቃለሁ» አለ። «ሚስቴ ግን ሳብዕ ይሁን ብላለች።»
እህቱ ከኋላው ደረቷን ደቃች፤ «ለልጅ! ኦና!»
እናኑ ከአልጋዋ ላከችብኝ፦

«ሞት ደጄን ለምዶታል፤
ሦስቴ ሳያንኳኳ ገብቶ ወጥቶበታል።
ዛሬ መጥቶ ‹ማን አለ?› ካለ
‹ኦና› ነው መልሱ ከቤቴ፤
ባዶ ቤት ምን ብሎ ይገባል፣ እስኪ በሞቴ!»

ድሮስ አመዴ፣ ጣሉት ያልነው ለዚሁ አልነበረም?
ጻፍኩት። እጄ ተንቀጠቀጠ አልልም፤ ወረፋው ረጅም ነበር።
ኡና ስትሰማ ዝም ብላ ቆየችና «ይሁን» አለች፤
«ጠቦትም ከጅብ የሚተርፈው ድምፁን ሲያጠፋ ነው።»

ወሬው በደንቢያ ዞረ።
በዓመቱ ሁለት ኦና፣ በሦስተኛው ዘጠኝ መዝገቤ ላይ ሰፈረ፤
ቀብራ የወለደች ሁሉ ያንኑ ስም አለች።
ኋላ ክትባት ገባ፣ ጤና ኬላ ተከፈተ፣
የሚቀበር ቀነሰ፣ ስሙም አብሮ ከሰመ።
ስም ሲጠፋ ሁሌ አያስለቅስም።

ኡና አገሯ ገብታለች፤ አንዳንዴ ትጽፋለች፦
«ስሜ ከሞት ተነሣ፤
መንገድ ላይ ‹ኡና!› ሲሉ ዞር እላለሁ፤
የሚጠሩት በጋሪ የተቀመጠች ሕፃን ነው።»

ባለፈው ጥቅምት አንዲት ነፍሰ ጡር
ወገቧን ይዛ መስኮቴ ላይ።
«ስም?»
«ኦና ታከለ።»
አዲሱ ዘበኛ ቀና አለ፤ የድሮው ካረፈ ቆይቷል።
«ሴት ከሆነችስ፣ ማን ልትያት ነው?»
«ኤልዳና።»
ሳቄን ዋጥኩት።

በማግስቱ የሕፃኗን ካርድ አወጣሁ፤
«የእናት ስም» በሚለው መስመር ላይ
በሳብዕ፣ ጥርት አድርጌ
ጻፍኩ።