ከመዝገቡ ጀርባ

የመዝገቡ ፊት የውሃ ነው፤
በሰንጠረዥ፣ በሰማያዊ ቀለም የተሰመረው፤
«ዛሬ ጠዋት ይህን ያህል፣ ማታ ደግሞ ይህን ያህል»
ግድቡ ሲጎድል ሲሞላ፣ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ይላል።
ገልብጠው ከጀርባ ሲከፍቱት ግን ሌላ ሰው፣
በእርሳስ የሚጽፍ፣ እንደ ሌባ ድምፁን የቀነሰው፦
«መስከረም ዘጠኝ። ቢጫዋ መጣች። ሁለት።
አንዷ ከላም እግር ሥር፤ አንዷን ጭጋግ ዋጣት።»

ጋሽ ሂርጳ ነው፤ የገፈርሳ ግድብ ጥበቃ፣
ክረምት ከበጋ ካፖርቱን ለብሶ የሚነቃ፣
ጠመንጃው በዝናብ ያረጀ፣ ጥይቱ የተቆጠረ፣
ወፍ ግን ስንት እንደቆጠረ ለማንም ያልነገረ።

እኔ ቆጣሪ አንባቢ ነኝ፤ ከአስኮ እስከ ቡራዩ ጫፍ
በየደጁ ጎንበስ የምል፣ ቁጥር የማነብ፣ የምጽፍ።
ወፍ ለእኔ ወፍ ነበር፤ ሁሉም ያው፣ ሁሉም ግራጫ፣
እሱ እስኪለኝ ድረስ፦ «ነይ እስቲ፤ ያቺን እዪያት፣ ቢጫ!»
«ስሟ ማነው?» አልኩት። «እዚያ ምን እንደሚሏት አላውቅም፤
እዚህ ግን ጭራ ቆሊት ናት፤ አንዲት ደቂቃ አርፋ አትቆምም።»
«እዚያ የት?» ስለው በአገጩ ብቻ ወደ ሰሜን ጠቆመ፤
ሰሜኑ ሱሉልታ ይሁን ሩሲያ አልለየም፤ ዝም ብሎ ቆመ።

አንድ ዓመት ባለቀለበት መጣች። ቀጭን እግሯ ላይ ብረት፣
እንደ ምላጭ ብልጭ የሚል፣ ፊደል ይሁን ቁጥር ያለበት።
አቅርቦ ማሳያውን አወረደ (አንዱ መስታወት ሻግቷል፣ በአንዱ ነው የሚያየው)፤
«ባለትዳር ናት» አለኝ ሳይስቅ፣ «ቀለበቱ ያውልሽ፣ እዪው።
ባሏ እዚያ በረዶ ሲጠርግ፣ እሷ እዚህ ፀሐይ ትሞቃለች፤
ሚያዝያ ሲገባ ትዝ ይላታል፤ ሳትሰናበት ትሄዳለች።»

ዘንድሮ ሐምሌ ሲጋመስ ጡረታ ወጣ፤ ልጁ መጥታ
ወደ ጉደር ወሰደችው፣ ካፖርቱን ይዛ፣ ከዘራውን ትታ።
ለግድቡ ኮምፒውተር መጣለት፤ ልኩን ራሱ ይመዘግባል፤
መዝገቡ ከስኳር መጠቅለያነት በእኔ ቦርሳ ተርፏል።

መስከረም ዘጠኝ፦ ማንም የለም። ውሃው ሞልቶ፣ ዝም ብሎ፣
አንድ ዳክዬ ብቻ፣ እንደ ተረሳ ጫማ ሲንሳፈፍ ውሎ።
መስከረም አሥራ አንድ፦ ጨረባዎች፤ ሽቦው ላይ በረድፍ ሰፍረው፣
እንደ ወር መጨረሻ ደመወዝተኛ ፊታቸውን ወደ አንድ አዙረው።
እሷ ግን የለችም።
መስከረም አሥራ አራት፦ ጉም። መስታወቱ ሻገተ፣ ዓይኔም ሻገተ፤
አንድ ልጅ ከአጥሩ ማዶ «ምን ጠፍቶብሽ ነው?» ብሎ እዚያው ተጎለተ።
«ወፍ» አልኩት። «ወፍማ ሞልቷል!» አለ። እውነቱን ነው፤ ሞልቷል፤
ግን የጠበቁት ሳይመጣ ሲቀር የሞላው ሁሉ ይጎድላል።

መስከረም አሥራ ስምንት፣ የደመራው አመድ ሳይበርድ፣
ተስፋ ቆርጬ ወደ ሥራዬ፣ ቁልቁል ወደ ቡራዩ ስወርድ፣
አዲሱ ሕንጻ አጠገብ፣ ሲሚንቶ የሚያቦኩበት ቦታ፣
ውሃ ካቆረ የጎማ ዱካ ዳር፣ በዚያ ሁሉ ጫጫታ
አለች!
ደረቷ የበሰለ ሎሚ፣ ጭራዋ ላይ ታች፣ ላይ ታች፣
የስንቱን አገር ሰማይ አቋርጣ፣ ከአካፋ ሥር ትንኝ ትለቅማለች።

ስልኬን አወጣሁ። ጉደር ጠራ። ጆሮው ደክሟል፤
«መጣች!» እላለሁ፤ «ማን?» ይላል፤ ማቡኪያው ያጉረመርማል፤
«ቢጫዋ! ቢጫዋ!» ግንበኞቹ ዘወር አሉ፣ አንዱ ሳቀ፤
በስልኩ ውስጥ የሽማግሌ ትንፋሽ ቆየ፣ ረዘመ፣ ረቀቀ።
«ቀለበቱስ?» አለኝ።

እግሯ ጭቃ ውስጥ ነበር።
«አለ» አልኩት።

ማታ መዝገቡን ገለበጥኩ፤ እርሳሴን በምላጭ ቀረጽኩ፤
እሱ ዋሽቶ የማያውቅበት ገጽ ላይ፣ ቀኑን አስቀድሜ ጻፍኩ፦
«መስከረም አሥራ ስምንት። ቢጫዋ መጣች። አንድ።
እግሯን ጭቃ ሸፍኖት፣ አላየሁም።»