አራት ማይክሮን

ጥር ነው ሳስካቱን፣ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት፣
ምድር ቤት ወርጃለሁ፣ የውጭውን ብርድ ሽሽት፤
መዘውሩን ሳዞር ደንዝዞብኝ ክንዴ፣
አንድ ዙር፣ አንድ ቅርፊት፣ እንዲህ ነው ልማዴ፤
አራት ማይክሮን ብቻ፣ ከፀጉር የቀጠነ፣
ትንፋሽ ያገኘው እንደሁ በኖ የባከነ።
እንደ ሪባን ሆኖ ሲወርድ ተያይዞ
ለብ ባለው ውኃ ላይ ይንሳፈፋል ፈዞ፤
በብሩሽ አባብዬ መስታወት ላይ ሳሰፍር፣
ሰሙ በዛይሊን ውስጥ ሟሙቶ ሲቀር፣
ባለቅኔ ቢሆን ወርቁን ይጠብቅ ነበር፤
እኔ የምጠብቀው የሥጋ ቅንጣት ነው፣
ሐምራዊና ሮዝ ቀለም የነከረው።

ጤነኛውን አንጀት አውቀዋለሁ፤ ማሳ ነው፣ እሸት፣
ጣቶቹ ተሰልፈው የቆሙ በጽናት፤
በየመሃላቸው ዋንጫ መሳይ ሕዋስ
ልጋጉን ተሞልቶ፣ መንገድ ሲያለሰልስ።
ሕዋስ ይወለዳል ከሥር፣ ከጉድጓዱ፣
አምስት ቀን ይወጣል፣ ዳገት ነው መንገዱ፣
ጫፉ ላይ ሲደርስ ይረግፋል በፈቃዱ።
ሰኞ ያረረ አንጀት ቅዳሜ ላይ የለም።
ታዲያ ቂሙን ማን ተረከበው?

ሆድ ይፍጀው ተብሎ የተዋጠ ምሥጢር
በአራት መቶ እጥፍ አጉልቼ ስመረምር
አንድም ቀን አልታየኝ። ሆድ እውነትም ይፈጃል።
ወይ ደግሞ ምሥጢሩ ከሕዋሱ ጋር ይሄዳል።
ቆሽት አረረ ሲሉ፣ ጨጓራ ተላጠ፣
ያ ሁሉ ያለ ሌንስ እንዴት ተገለጠ?

ዛሬ ብሎክ አርባ ስድስት።
ወረቀቱ፦ ኦረስት ዳኒሉክ፣ ሃምሳ ስምንት ዓመቱ፣
የስንዴ ገበሬ፣ ኪንደርስሊ ነው ቤቱ፤
ደም ማነስ፣ ክሳት፣ ሆዱን ይነፋዋል።
ሐኪሙ በጥድፊያ ይህን ብቻ ጽፏል።

ሌንሱን አስተካክዬ ዓይኔን አስጠጋሁ።
ጣት የሚባል የለም።
ሜዳ ነው። ኮምባይነር ደርሶ የተመለሰበት፣
ገለባ እንኳን ያልቀረበት መሬት።
ከሥር ጉድጓዶቹ ረዝመው፣ ተጨንቀው ሲወልዱ፣
ነጭ የደም ሕዋሳት በገዛ ቤታቸው ጦር ይዘው ሲነጉዱ።
አርባ ዓመት ስንዴ ያጨደውን ሰው
ስንዴው ከውስጥ ገብቶ አጨደው።

«አንጀቴን በላው» ስል፣ ሳላስበው፣ ጮክ ብዬ፣
ዶክተር ሂዩት ከጎኔ «ምን አልሽ?» አለችኝ፤
በሷ ቋንቋ «አሳዘነኝ» ስላት
ያ በላተኛ ቃል ጥርሱ ረገፈብኝ።
ሪፖርቱን በሁለት መስመር ጨረሰችው።
እኔም ከቦርሳዬ ዳቦዬን አውጥቼ ገመጥኩ።
ምናልባት የሱ ስንዴ ነው።
ይጣፍጣል፤ ምን ላድርግ፣ ርቦኝ ነበር።

በዓመቱ፣ መጋቢት ላይ፣ ያው ስም ተመለሰ።
ከሌላው ሥራ አስቀድሜ ቆረጥኩት፣ እጄ ቀዘቀዘ፣
ሁለቴ አበላሽቼ በሦስተኛው ያዝኩት።
ወጥቷል! ቡቃያው ወጥቷል፤
አጭር ነው፣ አንዳንዱም ጎባጣ፣
እዚህም እዚያም የሳሳ፣ ግን ጣት ነው፣
ጣት ጣቱን የሚነካ።

ወረቀቱ ላይ ሥራው አልተለወጠም፤
በረዶው ሲቀልጥ ይዘራል፣ የዘራውን ግን አይቀምስም።
እኔም ዓመቱን ሙሉ አንጀቱን ሳስብ የከረምኩ
መንገድ ላይ ባገኘው፣ ፊቱን አላውቀውም።

ብሎክ አርባ ሰባት በረዶው ላይ ተቀምጧል።
መዘውሩን ጨበጥኩ።