ከመርፌው በታች

የሐጂ ነጂብ ወፍጮ፣ ከግድግዳው ማዶ፣
ጧት በሁለት ሰዓት ሲነሳ ነጉዶ፣
ብርጭቆው ይነዝራል፣ መስኮቱ ያወራል፣
ሸክላዬ ላይ ያለው መርፌም ይሰክራል።
«ና» ትላለች ሴቷ፤ «ወዲህ» ሳትል ገና
መርፌው ይዘልና
«ሂድልኝ» ላይ ያርፋል።
ስንቱ ፍቅር ፈርሷል በበቆሎ ዱቄት!
ብናገር ማን ያምናል?

መጀመሪያ ስፖንጅ ከሥሩ ጎዘጎዝኩ፤
እንደ ታንኳ ዋኘ፤ አውጥቼ ወረወርኩ።
ቴኒስ ኳስ ለሁለት ሰነጠቅሁ በቢላ፤
ትንሽ ተሻለና አዘመመ ወደ ኋላ።
ካላማዳሪ ገዛሁ ከመርካቶ ጥግ፣
ነፋሁት በስሱ፣ እንደ ሕፃን ሆድ፣
ሲጫኑት እንዲያረገርግ።
እብነ በረድ አምጥቼ ጫንኩበት እንደ አልጋ፤
«እኔ ስታመምስ እንዲህ ታነጥፋለህ?»
አለችኝ ራሕማ፣ ሳቋን ዋጥ አድርጋ።

ቀረ ጠረጴዛው።
አናጢው ጣሃ መጣ፤ ጎንበስ ብሎ አየው፣
በጣቱ አንኳኳው።
«ካራት እግር መሃል አንዷ ትዋሻለች፣
ወለሉ ሲጎብጥ አየር ላይ ትቀራለች።
ሦስት ግን ታርፋለች።»
ይኼን ብሎኝ ሄደ። በማግስቱ ማታ
ካንድ የዋንዛ ግንድ ተፈልፍሎ የወጣ፣
ምስማር የማያውቀው፣ ማጣበቂያ ያልጠጣ፣
የጅማ በርጩማ ተሸክሞ መጣ።

ሁለት ሰዓት ሆነ። ወፍጮው አጓራ።
ሸክላው አጠገብ ያኖርኳት አንድ ሲኒ ውሃ
ፊቷን አልቋጠረች።
ያን ጊዜ ሰማኋት፦ «ና» ከማለቷ በፊት
አየር ስትስብ፣
ከበስተኋላዋ ወንበር ሲንቋቋ፣
አንዱ ተጫዋች፣ ሰው የሰማው ሳይመስለው፣
ጉሮሮውን ሲጠርግ።
ስንት ዓመት ሙሉ
ከወፍጮ ሥር የኖረ ትንፋሽ!

ከዚያ፣ ወደ መጨረሻው፣ አንድ ቦታ፦ ጧ።
ወፍጮ አይደለም ይኼ።
አባቴ ተማም ነው፣ የመናኸሪያው ዘበኛ፣
በዚያ በከባድ ጫማው ሌሊት ሲገባ፤
«ሦስተኛዋን ጣውላ አትርገጣት አባ!»
እያልኩት፣ እየረሳ ሲረግጣት፣
መርፌው ሲንሸራተት፣
ሸክላው ሲጫርበት።
ስንቴ ተቆጣሁት።

ዛሬ ጣውላይቱን ማንም አይረግጣትም።
ከሥር የሚመጣውን ሁሉ ከልክያለሁ፤
በጎማ፣ በድንጋይ፣ በሦስት እግር።
ይቺ ግን ከሥር አይደለችም የምትመጣው፣
ከሸክላው ውስጥ ናት።
እዚያች ጋ ሲደርስ
ድምፁን ከፍ አደርጋለሁ።